ሦስተኛውን በር የዘጋችው

የሥራ ባልደረቦቿ «ቁልፌ» ይሏታል። በስታዲየሙ ትልልቅ በዓላት ሲከበሩ ሦስተኛውን በር የምትጠብቀው እሷ ናት። አንዴ ከዘጋችው ማንም ቢለማመጣት አትከፍትም።

የአምቡላንሱ ነርስ የተዋወቃትም እዚያው ነው። ራሷን የሳተች ሴት ለማንሳት ቃሬዛ ይዞ ሲሮጥ፣ ሕዝቡን በሁለት ቃል ከፍላ መንገድ ሰጠችው። ሲመለስ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ወዲህ አምቡላንሱ ሌላ በር ጋ ቆሞ አያውቅም።

ሲዋደዱ ቆይተው እናቱ ዘንድ ይዟት ሄደ። እናትየው ገና ሲያዩዋት ፈገግታቸው ጠፋ።

«ይቺ ናት? የሴት ልጄን ምረቃ እንዳላይ ፀሐይ ላይ ገትራ የመለሰችኝ?»

ነርሱ እናቱ በእህቱ ምረቃ ቀን የስታዲየሙን በር ስለዘጋችባቸው ልጅ ሲያማርሩ ሰምቷል፤ የትኛው በር እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።

«ይቅርታ ጠይቂያትና ነገሩ ይብቃ» አላት ሲሸኛት።

«ፀሐይ ላይ በመቆማቸው አዝናለሁ። በሩን በመዝጋቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ውስጡ ሞልቶ ነበር፤ ነገም እዘጋዋለሁ።»

«እናቴ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። አንተንም አልለቅህም።»

እጇን ያዘ፤ ታክሲው እስኪመጣም አልለቀቀውም።

ወራት አለፉ። የከተማው አስተዳደር በበዓላት ላይ የሕዝቡን ደህንነት ለጠበቁ ሠራተኞች ዕውቅና ሊሰጥ ሲነሳ እሷም ተመረጠች። የጥሪ ወረቀቱን ለእናትየው ራሷ ወሰደችላቸው። እሳቸውም ተቀብለው በሩን ዘጉባት።

በዕለቱ ግን መጡ። ቦርሳቸውን አቅፈው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

«በምረቃው ቀን» አሉ የሥራ ኃላፊዋ መድረክ ላይ ቆመው፣ «መተላለፊያው ተጨናንቆ ነበር። ይህቺ ልጅ በሩን ባትዘጋ ኖሮ ከኋላ የሚገፋው ሰው ከፊት ያሉትን ይረግጣቸው ነበር። ከፊት የነበሩት ደግሞ ተመራቂዎቹ ናቸው።»

ሽልማቷን ይዛ ስትወጣ እናትየው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ልጄም እዚያ መሃል ነበረች» አሉ። «ስወቅስሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር፣ እማማ?»

አሰቡበት። «አላምንሽም ነበር። ዛሬስ ሥራ ላይ ነሽ?»

«አይደለሁም። ዛሬ ልጅዎን ልለምንዎት ነው። ይስጡኝ።»

ከኋላ የደረሰው ነርስ ክው አለ። «እማዬ፣ እኔ...»

«አንተን ማን አናገረህ?» አሉ ዞር እንኳ ሳይሉ። የልጅቷን ፊት አተኩረው አዩ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። «እልኸኛ ነሽ። እሱ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነው፤ ሰው እንዳይጫወትበት ስሰጋ ነው የኖርኩት።»

ክንዷን ይዘው ወደ መውጫው መራመድ ጀመሩ።

«ነይ፣ ቤት ሄደን ቁጭ ብለን እናውራ። አንተም ዝም ብለህ አትገተር፤ ሽልማቷን ያዝላት።»