አራት ደቂቃ ሲቀረው

ኬሚስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ፊቱን ታጠበ፣ ሸሚዙን ተኮሰ። ሚስቱ ሻይ ቀዳችና የእጅ ሰዓቷን ይዛ ተቀመጠች። እሱ የማድቤቱ በር ላይ ቆሞ ንግግሩን ተለማመደ፤ ልክ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ወደ ጉባኤው አዳራሽ አብረው ሄዱ።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ታዳሚ ሳይገባ፣ ብቻውን ሊለማመድ ገባ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ከመድረኩ ሥር ሞቶ ተገኘ።

መርማሪዋ መጀመሪያ አስከሬኑን አየች። ቀጥላ ከመድረኩ ፊት ወለሉ ላይ ያለውን የተናጋሪዎች ሰዓት ተመለከተች። ከአሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት አራት ደቂቃ ላይ ቆሟል።

የድምፅ ባለሙያው «ሰዓቱን ከላይ ከክፍሌ አስጀመርኩለትና ሽቦ ፍለጋ መጋዘን ወረድኩ» አላት።

«ብቻህን?»

«ለሽቦ ምስክር ይዤ ልሂድ እንዴ?»

ሌላዋ ተናጋሪ፣ ሰዓሊዋ፣ ኮሪደር ላይ ሥዕሎቿን ስትሰቅል እንደነበር ተናገረች። «በንግግር ተራ ትናንት ተጣልተናል። ግን እሱን ለመግደልም ተራ መያዝ ነበረብኝ፤ ያላናደደው ሰው የለም።»

የጉባኤው አዘጋጅ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «እንደ ወንድሜ ነበር። ዛሬ አዳራሹን አልረገጥኩም፤ በር ላይ እንግዳ ስቀበል ነበርኩ። አዳልጦት ነው። ለክብሩ ስንል ጉባኤውን እንበትን።»

«አይበተንም» አለች የሟቹ ሚስት።

«እህቴ፣ ኀዘን ላይ ነሽ...»

«ኀዘኔን ለእኔ ተወው። ንግግሩ ዛሬ ይሰማል።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ በሚስትየው ጆሮ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሦስቱንም ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠች። ሰዓቱ ከላይኛው ክፍል ተጀመረ። ሚስትየው የባሏን ንግግር ቃል በቃል ታወርደው ጀመር። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሞላ «የታችኛው ወንዝ ውኃ...» ብላ ዝም አለች።

የድምፅ ባለሙያው ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን አየ። ሰዓሊዋ ሚስትየውን አየች። አዘጋጁ ጎንበስ ብሎ ከሰዓቱ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጫነ።

«ለምን አቆሙት?» አለች መርማሪዋ።

«ተናጋሪ ሲቋረጥ ሰዓቱ ይያዛል። ደንባችን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ...» ጣቱን አየ።

«ያዳለጠው ሰው ሰዓት አያቆምም። ባይነካ ኖሮ ዜሮ እስኪደርስ ይቆጥር ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ የሰዓቱን ቁልፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወልውላታለች። ከዚያ ወዲህ የነካት አንድ ሰው ነው፤ አሻራውን አስቀድሜ አንሥቻለሁ። አሁን ደግሞ የሚመሳከርበትን ሰጡኝ። አዳራሹን አልረገጥኩም ያሉት እርስዎ ነዎት።» ወደ መድረኩ ዞረች። «አራት ደቂቃ ሲቀረው ምን ነበር የሚለው?»

«የታችኛው ወንዝ ውኃ ንጹሕ ነው ተብሎ እዚህ የተጨበጨበለት የአዘጋጁ ጥናት ውሸት ነው፤ ናሙናው የተቀዳው ከላይኛው ምንጭ ነው። ታች ያሉት ልጆች ዛሬም ይጠጡታል።»

«ተው ብዬ ለመንኩት» አለ አዘጋጁ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሰዓሊዋ «ይበቃሻል፣ እህቴ፤ ውረጂ» አለቻት።

«ገና አልጀመርኩም። በሩን ክፈቱላቸው።»

ታዳሚው ገባ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ድምጿ አንዴም አልተቆረጠም። በወሩ የታችኛው መንደር ሰዎች ከወንዙ መቅዳት አቆሙ።

አሁን ጠዋት ማድቤቷ በር ላይ ቆሞ ንግግር የሚለማመድ ሰው የለም።