አራተኛው ምክንያት

«እጅህን ዘርጋ። ወደ ሌላ ቦታ ተመልከት።»

ወደ ሌላ ቦታ አልተመለከተም። የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የጤና ምርመራ ቀን ስለነበር ከኋላው አስራ አምስት ሹፌሮች ተሰልፈዋል። ደም የምትቀዳው ልጅ ግን መርፌዋን እንደያዘች የእጁን አንጓ ትክ ብላ ታያለች። ከአንጓው በላይ ክንዱ በፀሐይ ጠቁሯል። ከአንጓው በታች ያለው እጁ የሌላ ሰው የተቀጠለበት ይመስል ፈካ ያለ ነው።

«ብስክሌት ነው አይደል?» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

ደሙን ቀድታ፣ ጥጡን አስይዛው፣ ጓንቷን አወለቀችና እጇን ከእጁ ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያው የብስክሌት ጓንት የተወው መስመር፣ እዚያው አንጓ ላይ።

ከሰልፉ አንዱ ሹፌር ትዕግሥቱ አለቀ። «ኧረ ባካችሁ! እዚህ ደም ነው የሚቀዳው ወይስ ቀለበት ነው የሚለካው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች። እሱ ጥጡን እንደያዘ ሲወጣ፣ የበሩን መጎተቻ ትቶ ማጠፊያውን ሲገፋ ነበር።

የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው እሱ ነው። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው ፌርማታ በስንት ደቂቃ እንደሚነሳ፣ የትኛው ሹፌር በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ እሱ ይወስናል። ሹፌሮቹ «ደቂቃ» ይሉታል። ከጋራዡ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ፣ አንድ ጎማ በተነፈሰ ወይም ዝናብ በጣለ ቁጥር የሠራው ሁሉ ሲፈርስ ያያል፤ እንደገና ይሠራል። ታጋሽ ሰው ነበር። ግን አውቶቡሶቹ ቤቱ ድረስ ይከተሉታል፤ ሲበላም ሲተኛም በጭንቅላቱ ውስጥ ይመላለሳሉ።

ብስክሌት የጀመረው ከእነሱ ለማምለጥ ነው። በአማተሮች ውድድር ሲሳተፍ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአስራ አንደኛ በላይ ወጥቶ ግን አያውቅም። ከሥራ በፊት፣ ሊነጋጋ ሲል ወጥቶ ይለማመዳል። ስለ አውቶቡስ እያሰበ ሲነዳ በከንቱ እንደሚደክም ስለተረዳ ለራሱ አንድ ደንብ አወጣ። የመንገዱን የመጀመሪያ ግማሽ አይናገርም፣ ሰዓት አያይም፤ እስትንፋሱንና እግሩን ብቻ ያዳምጣል። በአራት ዙር ፔዳል ወደ ውስጥ፣ በስድስት ወደ ውጭ። ፍጥነት ከዚያ በኋላ ነው።

አብረው ለመንዳት በተቀጣጠሩ ጊዜ ይህን ሲነግራት ትስቅብኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ‹አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አለቀ› ስል ነው የምውለው» አለችው። ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኞቹ «እጀ ቀላሏ» ብለው ነበር የሚጠሯት። «ዝምታህን ብታካፍለኝ ደስ ይለኛል።»

አካፈላት።

መንገዳቸው የውኃ ማጠራቀሚያውን ዞሮ እስከ አሮጌው ድልድይ ይሄዳል። ድልድዩ የመንገዱ ግማሽ ነው። እስከ ድልድዩ እሱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይከላከልላታል፤ ሲመለሱ እሷ ከፊት ትሆናለች። ሲሄዱ ፊቷን አያይም፤ የሚሰማው ፔዳል መርገጧን ስታቆም የኋላ ጎማዋ የሚያሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። በዚያ ድምፅ ድካሟንም ደስታዋንም መለየት ቻለ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ወሬው ይፈነዳል።

«ዛሬ አንድ ግዙፍ ሰውዬ መርፌውን ሲያይ ራሱን ሳተብኝ። ሚስቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ቤት ውስጥ ግን ጀግና ነው!›»

እሱ ይስቃል፤ ውኃ ያቀብላታል፤ ጠርሙሱን ስትመልስለት ጣቷ ጣቱን ይነካዋል። ሁለቱም ወደ ውኃው ያያሉ።

የእሷ ፈረቃ በየሁለት ሳምንቱ ይቀያየራል። እሱ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ካርቶን ለጠፈ። የራሱንና የእሷን ፈረቃ ጎን ለጎን ጽፎ፣ ሁለቱም ነፃ የሚሆኑባቸውን ጠዋቶች በአረንጓዴ እርሳስ ቀባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት አረንጓዴ ካገኘ ሀብታም ነው። አንዳንዴ አንድ ብቻ ይወጣል። ያቺን አንዷን ስድስት ቀን ሙሉ ይጠብቃታል።

ዘጠኝ ወር እንዲህ አለፈ። የሚያስበውን አልነገራትም። ይህንንም በሰሌዳ አስገብቶት ነበር፦ ከዓመቱ ውድድር በኋላ።

ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ድልድዩ ላይ፣ ወሬው አልፈነዳም። እሷ የብስክሌቷን መሪ በእጇ እያሻሸች ቆየች።

«ሌላ ከተማ ሹመት ሰጡኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊ። የቀን ሥራ ብቻ፣ ፈረቃ የለም፣ ቅዳሜና እሑድ እረፍት። እናቴ ያለችበት ከተማ ነው።»

«በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት» አለ ሳያስበው።

«እስከ ቅዳሜ መልስ መስጠት አለብኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ምን ትለኛለህ?»

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጪኝ።»

ፊቷ በራ። «እሺ» አለች፤ «እስከ ሐሙስ።»

ሐሙስ ዕለት፣ ድልድዩ ላይ፣ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። በማስመሪያ መሐሉን ለሁለት ከፍሎታል። በቀኝ «ብትሄጂ»፣ በግራ «ብትቀሪ»። በቀኝ በኩል አስራ አንድ ምክንያቶች ተደርድረዋል፦ እናቷ፣ ማዕረጉ፣ እንቅልፏ፣ ሌላም ሌላም። በግራ በኩል ሦስት። አንድ፣ የክፍሉ ሠራተኞች ይወዱሻል። ሁለት፣ ቤትሽ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ሦስት፣ የማጠራቀሚያው መንገድ መኪና አይበዛበትም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይኸው ነው?»

«ላለማዳላት ብዬ ነው» አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ደክሞበታል። ራሱን ቢጽፍ ከእናቷና ከተሻለ ሥራ እጇን ይዞ የሚጎትታት መስሎ ተሰምቶት ነበር።

ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጠፈችው። «እውነትህን ነው። አላዳላህም።»

ሲመለሱ ከፊት ሆነች፤ እንደ ወትሮው። ግን ሁለተኛውንም ግማሽ በዝምታ ጨረሰችው። እሱ ደክሟት ነው ብሎ አሰበ።

በሄደች ቀን የብስክሌቷን የፊት ጎማ ፈትቶ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ በጥንቃቄ አስገባላት። መስኮቱ ሥር ቆመ። ሞተሩ ተነሳ። ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም፤ የሆነ ነገር እንደምትጠብቅ ያስታውቅ ነበር።

«በርቺ» አላት።

«በርታ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ለብቻው ወጣ። እስከ ድልድዩ በአራት ወደ ውስጥ፣ በስድስት ወደ ውጭ። ድልድዩ ላይ ቆመ፤ ውኃ ጠጣ፤ ተመለሰ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ግማሽ የሚለያቸው ነገር ጠፋ። ከኋላው ለምትመጣ ሰው የመንገዱን ጉድጓድ በጣቱ ማሳየት ግን አልተወም፤ እጁ በራሱ ነበር የሚወርደው። በዚያ ዓመት ውድድር አስራ ዘጠነኛ ወጣ።

ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ቀረ። የሚቀባ ነገር አልነበረውም። ነፃ የሆኑ ጠዋቶች ነበሩት፤ ግን ነፃ ብቻ ነበሩ።

አልፎ አልፎ መልእክት ይለዋወጣሉ።

«ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር?»

«ስልሳ።»

«ነፋስ ነበረ?»

«ነበረ።»

ከዚህ በታች ብዙ ይጽፋል፤ መልሶ ያጠፋዋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ፍሬቻ ፈረቃ ሊያስቀይሩ ቢሮው ገቡ። ሽማግሌው ሹፌር ይህን ስም ያገኙት ሰው በሌለበት ጋራዥ ውስጥ እንኳ ፍሬቻ ሳያሳዩ ስለማይታጠፉ ነው። ዓይኑን አይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ነግረሃታል?»

«ምኑን ጋሼ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ቀለበት የለካችሁ ቀን ሰልፉ ላይ ነበርኩ'ኮ።»

አቀርቅሮ እርሳሱን አንከባለለ። «ለእሷ የሚበጀውን ነው ያሰብኩት። ላለመጫን ብዬ።»

«ተው እንጂ! መታጠፍ ፈለግህ፤ ፍሬቻ አላሳየህም። ከኋላህ ያለው ሰው በምን ይወቅልህ? ሲጠብቅ ቆይቶ አልፎህ ሄደ።» ሽማግሌው ተነሱ። «አሁን በማን ላይ ነው ጡሩንባ የምትነፋው? የሐሙሱን ወደ ዓርብ አዛውርልኝ በል።»

አዛወረላቸው። ከሰዓት በኋላ፣ በሚመጣው ወር በእሷ ከተማ የአማተሮች ውድድር እንዳለ አየና ተመዘገበ። ከሄደች ስድስት ወር ሊሞላት ነበር።

መነሻው ላይ ከሦስት መቶ ሰው መካከል ያገኛት በድምፅ ነው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

«መጣህ?» አለችው። ጠይም ፊቷ ቀጥኗል።

«መጣሁ።»

«ሥራስ?»

«የሰኞን ሰሌዳ ጨርሼ ነው።»

ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ፊሽካው ተነፋ።

መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው የሚመለስ ነው። እግሩ እንደዚያ ቀን ታዞለት አያውቅም። መዞሪያው ላይ ከመጀመሪያዎቹ አሥር መካከል ነበር። ሲመለሱ ገና ወደ መዞሪያው የሚሄዱት በሌላው አቅጣጫ ያልፋሉ። እሱ የእያንዳንዱን ፊት ያያል። የለችም። የለችም። ከዚያ ዳር ላይ ብስክሌቷን ገልብጣ ተንበርክካ አያት።

ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ከኋላው ያሉት እንዲያውቁ። ከዚያ ከመስመሩ ወጣ።

«አብደሃል እንዴ?» አለ አንዱ እያለፈ። አሥረኛው ቦታ አብሮት አለፈ።

«ምን ትሠራለህ?» ጮኸችበት እሷም። «ሄዱ'ኮ!»

«ይሂዱ።»

ለመርፌ ቀላል የሆነው እጇ ከጎማው ጋር እየታገለ ነበር። ጎማውን ተቀብሏት መፈልቀቅ ጀመረ፤ የተነፈሰውን የውስጥ ላስቲክ አወጣ። ከኮርቻዋ ሥር ያለችውን ትንሽ ቦርሳ ከፍቶ እጁን ሰደደ።

«ቆይ፣ እኔ አወጣዋለሁ!»

ዘግይታለች። አዲሱ ላስቲክ በወረቀት ተጠቅልሏል። ወረቀቱ መሐል በማስመሪያ የተሰመረ መስመር አለ። እሱ የራሱን መስመር አይስትም። በቀኝ አስራ አንድ። በግራ ሦስት፤ ከሦስቱ በታች ደግሞ በእሷ እጅ ጽሑፍ «አራት» ተጽፎ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው።

«መቼ ነው የጻፍሽው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«ለምን አልሞላሽውም?»

«ወረቀቱ ያንተ አይደል?» ወደ ሌላ በኩል ዞረች። «ትሞላዋለህ ብዬ እስከ ቅዳሜ ጠበቅሁ። አውቶቡሱ መስኮት ሥርም ጠበቅሁ።»

እስክሪብቶ የለውም። ጣቱን በሰንሰለቱ ላይ ጫን አድርጎ አሻሸና በጥቁሩ ቅባት ከ«አራት» ፊት ለፊት ጻፈ፦ «እኔ»።

ብስክሌተኞች እያፏጩ አለፉ። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ብዙ ጊዜ አየችው፤ ሁለት ፊደል ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

«አንድ አውቶቡስ ስድስት ወር ቢዘገይብህ ሹፌሩን ምን ትለዋለህ?»

«ምክንያቱን እጠይቀዋለሁ።»

«እሺ። ምክንያትህ?»

«ፈራሁ» አላት። «ፍርሃቴን ደግሞ ‹አለማዳላት› ብዬ ስም አወጣሁለት።»

ከንፈሯን ነከሰች። «አልመለስም'ኮ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። እናቴም አለች።»

«አውቃለሁ። አስራ አንዱም ልክ ናቸው፤ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።» ላስቲኩን ወደ ጎማው እያስገባ፣ ቀና ሳይል ጠየቃት፦ «እዚህ ከተማ አውቶቡስ አለ?»

«አለ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ሳቀች። «በሰዓቱ መጥቶ ግን አያውቅም።»

«እንግዲያው ሰው ይፈልጋሉ ማለት ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ቦርሳዋን ዘጋች። እሱ ከፊት ሆነ፤ ወደ መዞሪያው አብረው ሄዱ፤ ለእሱ ሁለተኛው ጊዜ ነው። ዝም ብለው ሄዱ። መዞሪያው ላይ እሷ ከጎኑ መጣችና ስድስት ወር ያጠራቀመችውን ሁሉ ማውራት ጀመረች፤ ሲደርሱ የመጨረሻውን መስመር ባነር እያወረዱት ነበር።

ሰኞ ከሥራ ገብቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመ። በቦርሳው ውስጥ ወደዚያኛው ከተማ የሚላክ የሥራ ማመልከቻ አለ፤ መልሱ በስንት ወር እንደሚመጣ የሚነግረው ሰሌዳ የለም። እስከዚያው ስድስት ሰዓት መንገድ በመካከላቸው አለ። ስልኩ ጮኸ።

«እሑድ ነፃ ነኝ። አንተስ?»

ካርቶኑን አየ። እሑድን አገኛት። አረንጓዴው እርሳስ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ አልተቀረጸም። መቅረጫውን አንስቶ አንዴ ሁለቴ አዞረው።

ታጋሹ ሰው ቀርጾ እስኪጨርስ መታገሥ አቃተው። በደነዘዘ ጫፉ እሑድን ቀባት።