የሦስተኛው ክፍል ሬሳ ሣጥን

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጆርጂያ፣ ሊልበርን ከተማ ወደሚገኘው፣ ሰው ከፍሎ ለመደንገጥ ወደሚገባበት የማስፈራሪያ ቤት የገቡ ሦስት የጎብኚ ቡድኖች ሦስቱም አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው ወጡ። ሦስተኛው ክፍል አይሠራም አሉ። ጭሱ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ ከሬሳ ሣጥኑ ተነሥቶ የሚያስደነግጣቸው ሰው ግን የለም። ቅሬታው በሬዲዮ ሲነገራት ሚካኤላ የምትባለው ወጣት ተዋናይ ባልደረባዋን እንቅልፍ የጣለው መስሏት እየተሳደበች ሄደች፤ ክዳኑንም ከፈተችው። ተስፋጽዮን መግነዙን እንደ ለበሰ ሞቷል።

የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) መርማሪ ፖሊስ ሐረገወይን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ቤቱ ቀድሞ የዕቃ መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ገብረሕይወት በር ላይ ጠብቆ፣ ሰውየው በልብ ድካም እንደሞተና ክፍሉ ቶሎ እንዲለቀቅለት ነገራት። እሱ ራሱ እስከ ቀትር ሎረንስቪል ከተማ ባለው የካውንቲ ቢሮ ቆይቶ መምጣቱን የሚያሳይ ወረቀት፣ ሳትጠይቀው አውጥቶ ሰጣት።

«ሐበሻ የላኩብን እንድናምንሽ ነው?» አላት ከጀርባው የቆመው ዑስማን። የቤቱን ግድግዳና ሣጥኖች የሚሠራ አናጢ ነው።

«አትመነኝ። መልስልኝ ብቻ» አለችው።

በሬሳው ላይ ቁስል የለም። ከራስጌው አጠገብ የውኃ ጠርሙስ ተወሽቋል። ሐረገወይን ጓንት አጥልቃ አነሣችው። ጥቅምት ነው፤ የጆርጂያ ሙቀት ገና አልበረደም፤ መጋዘኑም ወበቅ ነው። የጠርሙሱ ውኃ ግን ግማሹ በረዶ ነበር። ፍራሹን ስትገልጠው ከሥሩ ያለው ጣውላ በዚያው በራስጌ በኩል ርሷል፤ በሌላው ጫፍ ደረቅ ነው። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ አንዲት ትንሽ ትራስ በገመድ ታስራለች።

ትራሷ የማን እንደሆነች ዑስማንን ጠየቀችው።

«የሚካኤላ። ሁልጊዜ እዚህ የምትተኛው እሷ ናት። ስትነሣ ፊቷ ወደ በሩ እንዲሆን ራሷን በጠባቡ ጫፍ ታደርጋለች። እሱ ትከሻው ሰፊ ነው፤ በዚያ በኩል አይገባም። እንደተለዋወጡ ለእኔ የነገረኝ የለም። ጠዋቱን ሙሉ መግቢያው ጋ ከሁለት ኤሌክትሪሺያኖች ጋር ነበርኩ።» ከዚያ በምሬት ጨመረ፤ «ባለፈው ዓመት ልጅቷ ስትሞትም መጥታችሁ ነበር። ምን አደረጋችሁ?»

ሐረገወይን የትኛዋ ልጅ ብላ ጠየቀች። ዑስማን ወደ ገብረሕይወት አየና ወደ መሣሪያዎቹ ዞረ።

ሚካኤላ ጉንጯ ላይ የውሸት ቁስል እንደተቀባ፣ እያሳላት ተቀመጠች። ጉንፋን ይዟታል፤ የሚስል ሬሳ ስለሌለ ጠዋት ከተስፋጽዮን ጋር ቦታ ተለዋውጣለች።

«ላይክ… ማለቴ፣ ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ሜካፕ ስትሠራኝ እትዬ ውቢት ናት ‹እሱ ይተኛልሽ› ያለችኝ። ደስ ነው ያለኝ። ሰውየውን ግን አልወደውም ነበር፤ ማንም አይወደውም። ጎብኚ አትንኩ ይባላል፣ እሱ ይነካል። ውጪ ድረስ ያባርራል።»

«ባለፈው ዓመት እዚህ ትሠሪ ነበር?»

«ስለ እሱ አላወራም» አለችና ስልኳን ማየት ጀመረች። ጣቶቿ ባዶ፣ ረጃጅም ጥፍሮቿም ደኅና ነበሩ።

ውቢት ልብስ ሰፊና ሜካፕ ሠሪ ናት፤ ሥራ የጀመረችው በዚህ መስከረም ነው። ዕድሜዋ ስድሳ ይጠጋል። የሐር ጓንት አጥልቃ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አነባብራ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ቡና ስታቀርብላት ኩባያውን በሁለት መዳፏ ደግፋ ያዘችው፤ ጣቶቿን ቀጥ አድርጋ።

«ሣጥኑ ውስጥ ማን የተኛ መስሎዎት ነበር?»

«ሚካኤላ ናታ። እሱ መሆኑን የሰማሁት ሲጮኹ ነው።»

«ከዚህ ሌላ የት ይሠራሉ?»

«ኤርፖርት አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጁበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገብቼ ሦስት ሰዓት እዚህ እደርሳለሁ። ጨረስሽ?»

ሐረገወይን አመስግናት ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ሆና ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፈተች፤ ከዚያ ከገብረሕይወት የሠራተኞቹን የቅጥር ፎርም ተቀበለች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ደጋግማ አነጻጸረቻቸው።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙዚቃው ጠፍቶ መብራቱ ሁሉ በርቶ ስለነበር የሸረሪት ድሩ ክርነቱ፣ የራስ ቅሉም ፕላስቲክነቱ ይታይ ነበር። ገብረሕይወት ቀጠሮ እንዳለው ተናገረ። የሰማው የለም።

«ተስፋጽዮን የሞተው በድራይ አይስ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚሠራ ደረቅ በረዶ ነው» አለች ሐረገወይን። «ሲተን ዐይን የማያየው አየር ይሆናል፤ ከባድ ስለሆነም ዝቅ ብሎ ይተኛል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ሰው ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ ራሱን ይስታል። ክፍሉ ሁልጊዜ ጭስ ስለሚሞላው ማንም አልጠረጠረም። በረዶው ተንኖ አልቋል፤ ጠርሙሱን ግን አቀዝቅዞት ሄዷል።»

ዑስማን ለሚካኤላ የተጠመደ ሊሆን ይችላል አለ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ አሰብኩ። ግን በረዶው የነበረው በሰፊው ጫፍ፣ በእሱ ራስጌ ነው። በሚካኤላ በኩል ጣውላው ደረቅ ነው። ያስቀመጠው ሰው መለዋወጣቸውን ያውቅ ነበር። ጋሽ ገብረሕይወት ሎረንስቪል ነበሩ። ዑስማን ከሁለት ሰዎች ጋር መግቢያው ላይ ነበር፤ መለዋወጡንም አልሰማም። ሚካኤላ ታውቃለች፤ አልደበቀችኝም። ሐሳቡን ያመጡላት እትዬ ውቢት ግን አላውቅም አሉኝ።»

ውቢት ጓንቷን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

«መግነዙ ለሚካኤላ ቁመት የተሰፋ ነው» ሐረገወይን ቀጠለች። «ዛሬ ግን እጥፉ ተተርትሮ በአዲስ ክር ረዝሟል፤ የተስፋጽዮንን እግር ይሸፍናል። እሱ ከመተኛቱ በፊት ያንን የሚሠራ ሰው እዚህ አንድ ብቻ ነው። እርስዎ በሚሠሩበት ኩሽና የምግብ ጋሪዎቹ የሚቀዘቅዙት በድራይ አይስ ነው። በቀጭን ጓንት የነካው ሰው ጣቱ እንደ እሳት ይለበለባል። ጓንትዎን ያውልቁ፣ እባክዎ።»

ውቢት ቀስ ብላ አወለቀች። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ውኃ ቋጥረው ነበር።

«ምን በደለዎት?» አለ ዑስማን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ለዝቦ።

የመለሰችለት ሐረገወይን ናት። ባለፈው ዓመት ሣራ ሕሩይ የምትባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚህ ቤት የአደጋ ጊዜ በር ሮጣ ወጥታ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ገጭቷታል። ፋይሉ ላይ የቤተሰብ ተጠሪ ሆኖ የተመዘገበው አባቷ ሕሩይ ብቻ ነው። የእኛ ሰው እናትና ልጅ የአባት ስማቸው ስለሚለያይ ማንም አላገናኛቸውም። ውቢት ግን በቅጥር ፎርሟ ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚደወልለት ብላ የጻፈችው የዚያኑ ሰው ስልክ ነው።

«የመጣሁት ለማወቅ ነበር» አለች ውቢት። «ሁሉም ጭምብል ለባሽ ነው፤ የትኛው እንዳባረራት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሜካፕ ወንበር ላይ ሰው ብዙ ያወራል። ትናንት እሱ ነገረኝ፤ እየሳቀ። ‹አንዷማ እስከ መንገዱ ነው የሮጠችልኝ› አለኝ። ፊቱን እየቀባሁት ነበር። ቀብቼ ጨረስኩ።»

«ለካውንቲው የሰጡት ቃል» አለች ሐረገወይን ወደ ገብረሕይወት ዞራ፣ «ከሕንፃው የወጣ ተዋናይ የለም፤ ልጅቷ ብቻዋን ደንግጣ ነው የሮጠችው ይላል።»

ገብረሕይወት ያለ ጠበቃ እንደማይናገርና በዕለቱ ያየ ሰው እንደሌለ ተናገረ።

ሚካኤላ ስልኳን አስቀመጠች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች። «በሩ ጋ ነበርኩ። እጇን ይዟት ነበር፤ አስለቅቃው ሮጠች፤ ተከትሏት ወጣ። ‹እናቴ› እያለች ነበር የምትሮጠው። ጋሽ ገብረሕይወት ካወራን ቤቱ ይዘጋል አሉን። እኔም ዝም አልኩ።»

ውቢት ዞራ አየቻት። ዓመት ሙሉ የፈለገችውን ቃል፣ በየቀኑ ፊቷን ከምትቀባት ልጅ አፍ ሰማችው።

«አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም።

ሐረገወይን ካቴናውን አውጥታ የውቢትን እጅ ያዘች። ከዚያ መቅጃዋን ሚካኤላ ፊት አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ ብላ እንድትናገር ነገረቻት። ሚካኤላ የሣራን ነገር ተናግራ እስክትጨርስ ውቢት ልሂድ አላለችም፤ እንሂድ ያላትም የለም።