የትዕግስት እጅ የበላው መስታወት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚያምኑት አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ስለማይታይ ነገር ሲያወሩ "በጌታ ተዉት እስቲ" ብዬ ወደ ሥራዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለዚህ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን መጨመር አልችልበትም።

ልጄ ትዕግስት ጌም ትጫወት ነበር፣ እመኑኝ፣ ሆሳዕና ውስጥ በተኩስ ጌም የሚያሸንፋት ወንድ አልነበረም። ማውሷን የምታንሸራትተው ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሟ በላከላት የመስታወት ማውስ ፓድ ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ ሻከር ያለ ስስ ሽፋን ነበረው፣ እሷ ኮቲንግ ትለዋለች። ብዙ ስታሸው መሃሉ ተበልቶ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ መስኮት ያብረቀርቅ ጀመር።

"እማ፣ አየሽ፣ እጄ በላው" ትለኝና ትስቃለች።

"አንቺንም እሱ እየበላሽ ነው" እላታለሁ።

ከዚያ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው የአገራችን ልጅ በፎቶ አይቷት ሽማግሌ ላከ። እኔ የሽማግሌዎቹን ፊት እንጂ የሷን ፊት ሳላይ እሺ አልኩ። የሄደች ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆና "መስታወቱን እንዳትፈትጊው፣ ሽፋኑ አንዴ ከለቀቀ አይመለስም" አለችኝ። ስትናፍቀኝ እጄን የሚያብረቀርቀው ቦታ ላይ አሳርፍ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ሲያቆም፣ ከክፍሏ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። አውቀዋለሁ፣ ማውሷ መስታወቱ ላይ ሲሄድ ነው። ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለም፣ መብራትም ጠፍቷል። ድመት ገብታ ይሆናል ብዬ በሩን ስከፍት ጸጥ አለ። እጄን እንደ ልማዴ መሃሉ ላይ ሳሳርፍ ሻከረኝ። የሚያብረቀርቀው ቦታ የለም፣ ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ይመስላል። ሰው ቀይሮት ነው እንዳልል፣ እኔ ጥዬው የተሸረፈው ጥግ እንደተሸረፈ ነው።

በነጋታው በነጠላ ጠቅልዬ ኮምፒዩተር ለሚጠግነው ለከድር ወሰድኩለት። በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው።

"ማዘር፣ ይሄማ አዲስ ነው፣ አንድ ቀን አልተሠራበትም።"

"የትዕግስት ነው እኮ፣ አንተው አይደለህ መሃሉ አልቋል ያልካት?"

የተሸረፈውን ጥግ አየና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "ኮቲንግ ያልቃል እንጂ አይበቅልም" አለ ቀስ ብሎ፣ ከእጁ ቶሎ እንዲወጣለት እንደፈለገ ሰው መስታወቱን መለሰልኝ።

ማታውኑ ለትዕግስት ደወልኩ።

"ደህና ነኝ እማ" አለች፣ ድምፅዋ የሷው ነው። ስለ መስታወቱ ስነግራት ግን "የቱ መስታወት?" አለችኝ።

"የጌምሽ ነዋ።"

"እኔ ጌም ተጫውቼ አላውቅም እማ።" ቀልድም ቁጣም የለውም አነጋገሯ። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ወንድሟ "ባሏ አጠገቧ ስለነበረ ነው" ይለኛል። ይሁን፣ መስታወቱ አጠገብስ ማን ነበር?

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ፊቷን ባየው ኖሮ እላለሁ። አሁን በየቀኑ ከሰዓት ወንበሯ ላይ ተቀምጬ መሃሉን በመዳፌ አሻለሁ። መዳፌ ለስልሷል፣ መስታወቱ ግን እንደሻከረ ነው።