አንድ ፉጨት አውርድ፣ ሁለት ፉጨት አንሳ

የማያምን አይመን። እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ... በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

አምና ነሐሴ ነው። ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአስር። ጣልያን አገር፣ ፖ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማችን ኦፔራ ቤት ለክረምቱ... ማለቴ ለበጋ እረፍት ተዘግቶ ነበር።

እኔ ኤርሜቴ፣ የመድረኩ ገመድ ሠራተኛ ነኝ። እህቴ ኒቬስ ጽዳት ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነበር። ያስቀጠርኳት እኔው ነኝ። እኔው!

በዓመት አንዴ ትልቁን የክሪስታል መብራት አውርደን እናጸዳዋለን። መላእክት ከተሳሉበት ኮርኒስ በላይ የመብራቱ ገመድ የሚጠቀለልበት የእንጨት መዘውር አለ። በእጅ ማዞሪያ ነው የሚዞረው።

ቤቱ ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነው። ድሮ ገመድ ሳቢዎቹ መርከበኞች ስለነበሩ በፉጨት ነበር የሚግባቡት። አንዴ ሲፏጭ ያወርዳሉ፣ ሁለቴ ሲፏጭ ያነሳሉ።

ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ከሞቱ እኮ መቶ ዓመት አለፋቸው! ማን ሊሰማኝ ነው?»

«አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ።»

«እሺ ጌታዬ!» አለች እያሾፈች።

መብራቱን አጽድተን ግማሽ መንገድ እንዳነሳነው ማዞሪያው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ማገጃ ብረት ተሰበረ።

«እንዳትለቅ! ሌላ ላምጣ» አሉኝ አለቃዬ ጋሼ ኡሊሴ። እያቃሰቱ መሰላሉን ወረዱ።

ብቻዬን ቀረሁ... ማዞሪያውን ጨብጬ።

ገመዱ በሚያልፍበት የኮርኒስ ቀዳዳ ቁልቁል አየሁ። አምስት ረድፍ ወርቅ የተቀባ ሰገነት። ቀይ የከፋይ ወንበሮች። ኒቬስ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች... ልክ ከመብራቱ ስር።

«ኒቬስ! ውጪ ከዚያ!»

ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታለች። አልሰማችኝም።

ከዚያ አፏጨች። አንድ ጊዜ። ረጅም።

ማዞሪያው እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩት። በቀስታ... ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው... አዞረብኝ። ከጎኔ ትንፋሽ ሰማሁ። ዘወር ብል ማንም የለም።

የማይታየው ሰው ክፋት አልነበረበትም። የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ታዲያ ሁለት ጊዜ ባፏጭ ያነሳዋል!

ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ። አፌ ኩበት ሆኗል።

ፍፍፍ... ንፋስ ብቻ።

«እመቤቴ ማርያም!»

ፍፍፍ...

ኒቬስ ቀና ብላ አየችኝ። መብራቱ ጫጩት እንደሚከደንበት ቅርጫት ዙሪያዋን ከበባት። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ወለሉ ላይ አረፈ።

ተረባርበን ስናነሳው ስሩ የነበረው መጥረጊያዋ ብቻ ነው። ደም የለም። ወለሉም ደህና ነው።

ጋሼ ኡሊሴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አፏጨች?» አሉኝ በሹክሹክታ።

አንድ ጣቴን አሳየኋቸው።

መብራቱ መጋዘን ገባ፤ ገመዱ እስከ ወለሉ ባዶውን ተንጠልጥሎ ቀረ። ማገጃውንም ማንም አልተካው። እናቴ እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ የኒቬስን ሳህን ገበታ ላይ ታስቀምጣለች። ምን ልበላት?

ዛሬ ዓመት ሞላት። ቤቱ ተዘግቷል፣ ብቻዬን ነኝ። ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ ከአዳራሹ ወለል ስር ፉጨት ሰማሁ።

አንድ... ሁለት።

የእህቴን ፉጨት አጣዋለሁ እንዴ?

ሮጬ መሰላሉን ወደ መዘውሩ ወጣሁ። ማዞሪያውን ሳዞረው ባዶው ገመድ ከበደኝ። የሰው ክብደት ነው። እያለቀስኩ አዞርኩ። ጫፉ ኮርኒሱ ጋ ደረሰ።

ማንም የለበትም።

ግን ይከብዳል። ትንሽ ስለቀው ወደ ታች ይስበኛል። እሷ ናት። በትከሻዬ ደግፌ፣ በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ይህን በስልኬ እየጻፍኩ ነው። ቁልፍ ያለው ሰው ካለ ድረሱልኝ፤ ክንዴ ዝሏል።

ቆይ...

ከታች፣ ከባዶው አዳራሽ፣ ሌላ ሰው አፏጨ።

አንድ ጊዜ።