የመንደሪን ኮረብታው መተላለፊያ

ሽማግሌው ሚኔዛኪ በመንደሪን ዛፎቻቸው መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው በድንጋይ ተመትቷል፤ ባለ አንድ ጎማ ጋሪያቸው አጠገባቸው ቆሟል። ዛፎቹ ያሉበትን ኮረብታ ከሸጡ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

መርማሪ ሃጊኖ አስከሬኑን መርምራ ስትጨርስ ልጃቸውን ሳዳኖቡን ጠራችው።

«ትናንት ምሳቸውን በሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ የቀረ ዕቃቸውን ሊያመጡ ጋሪውን እየገፉ ወጡ» አለ ዓይኑ ቀልቶ። «እኔ ፋብሪካ አደርኩ። ጠዋት ስገባ አልጋቸው አልተነካም። ያንን አጥር ዘልዬ ነው ያገኘኋቸው።»

አጥሩ ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን ብቸኛ መንገድ የዘጋ ብረት ነው፤ በሲሚንቶ ብሎኮች ላይ ቆሟል። መንገዱ የሚያልፈው በጎረቤታቸው በሃታሱዌ ማሳ ላይ ነው።

ገዢዋ ወይዘሮ ኩሪሃራ እጇን እያፍተለተለች፣ «ውሉ ስለ መንገድ አንዲት ቃል የለውም» አለች። «ሽማግሌውን ስጠይቃቸው ‹የመንገዱ ፈቃድ ወረቀት አለኝ፣ አመጣልሻለሁ› አሉኝ።»

ሃታሱዌ ግን ኮስተር አለ። «አባቴ መንገዱን የፈቀደው ለሚኔዛኪ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም! አጥሩን ትናንት ጠዋት፣ ሳይዘንብ አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላልኩም።»

ሃጊኖ ጎንበስ ብላ ጭቃውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ወደ አጥሩ ጠራቻቸውና የመሃሉን ብሎክ በሁለት ፖሊሶች አስነሳች። ከሥሩ የጋሪ ጎማ መስመር ወጣ፤ ሳይቋረጥ ወደ ኮረብታው ይዘልቃል።

«ዝናቡ የቆየውን ዱካ ሁሉ አጥቦታል» አለች። «ይህ ሚኔዛኪ ከዝናቡ በኋላ ሲወጡ የተዉት ነው። ብሎኩ የተቀመጠው በላዩ ነው። ስለዚህ አቶ ሃታሱዌ፣ አጥሩን ያቆሙት እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ጋሪው ግን ገና ኮረብታው ላይ ነበር። ሽማግሌው በየት ሊያወርዱት ነው ብለው እርስዎ አላሰቡም። እሳቸው እንደማይመለሱ ያውቁ ነበራ።»

ሃታሱዌ አጥሩን ተደገፈ።

«ወረቀቱን አትስጣት ብዬ ለመንኩት» አለ። «ጀርባውን ሰጠኝ። እሱ ከሞተና ወረቀቱ ከተቃጠለ መንገዱም የሚቀር መስሎኝ...»

«ጠዋት የመሬት መዝገቡን አስጠይቄ ነበር» አለች ሃጊኖ። «የመተላለፊያ መብቱ በእርስዎ ማሳ ላይ ተመዝግቧል። የሰውየው ሳይሆን የኮረብታው መብት ነው። ውሉ ባይጠቅሰውም፣ ኮረብታው ሲሸጥ አብሮ ለወይዘሮ ኩሪሃራ አልፏል። ወረቀቱ ቢቃጠልም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።»

ሳዳኖቡ ወደ ሃታሱዌ ተራመደ፤ ፖሊሶቹ ያዙት። ግን ሊመታው አልነበረም።

«መዝገቡን ብቻ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አለው ድምፁ ተሰብሮ። «አንድ ቀን ሄደህ ብትጠይቅ።»

ሃታሱዌ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።