ጾመኛዋ መርፌ

አቶ ዐቂል አሮጌዋ ነጭ መኪናቸው ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደፍተው ተገኙ። መኪናዋ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታ ከባሕር ዛፍ ጋር ተላትማለች። ቁልፉ ተዘግቷል፤ ማርሹ ፍሪ ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ደጉ ቁልፉን ቢከፍተው የነዳጁ መርፌ ከባዶው ምልክት አልተነሳችም። ለእሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቤንዚን እንደ ልብ ካልተገኘ ወዲህ ያንን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ የሚወርደው ብዙ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ፍሬን ይደነድናል።

«ሾፌሩ ጣሀ ቤንዚኑን ቀድቶ ሸጦ፣ ባዶ መኪና ነው ያስረከባቸው» አላት ለኢንስፔክተር ፀሐይነሽ። «እርስዎ ከፈረሙ ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ፀሐይነሽ ሳምንቱን ሙሉ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም። መፈረሙ ይቀላት ነበር። ቢሆንም ጣሀን አስጠራችው።

«ሞልቼዋለሁ፤ ጋሽ ዐቂል ራሳቸው አጠገቤ ቆመው» አለ፣ ስንቴ እንደተናገረው በሚያስታውቅ ድምፅ። «ለፖሊሶቹ መርፌዋ ድሮም አትሠራም ብላቸው ‹በግጭት የተበላሸውን ለራሱ ምክንያት ያደርጋል› አሉኝ። ቀብራቸው ላይ እንኳ አላደረሱኝም።»

«ለምን አብረሃቸው አልወረድክም?»

«‹የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ብቻዬን ልሂድ› አሉኝ።»

ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟች ባለቤት ሁስኒያ የጣሀን ስም መስማት አልፈለገችም። «ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ ያበላሁት ልጅ! አላህ ያሳየው!» አለችና ፊቷን አዞረች።

የሟች ወንድም አብዱልሐሚድ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ዐይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ከወንድሜ ጋር ከተኮራረፍን ቆይተናል» አለ። «መኪናዋንም የማውቃት ከሩቅ ነው።»

«ታዲያ ስልካቸው ላይ የመጨረሻው ጥሪ ወደ እርስዎ ነው፤ ያን ዕለት ለምን ደወሉልዎ?»

«‹መርፌዋ ባዶ ላይ ተኛች፤ ሞተር አጥፍቼ እየወረድኩ ነው፤ ከቆምኩ ድረስልኝ› አለኝ። ወላሂ፣ የመጨረሻ ቃሉ ናት።»

በማግስቱ ፀሐይነሽ ሁሉንም መኪናዋ በቆመችበት የፖሊስ ጣቢያ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ጣሀ በካቴና ቆሟል። እሷም አሮጌ መኪና ስለምትነዳ እንዲህ ያለውን ጣጣ ታውቀዋለች። የኋላውን ወንበር አነሳች።

«ይህ ሽቦ ከነዳጁ ቋት ተነስቶ መርፌዋ ዘንድ ይደርሳል» አለችና ሽቦውን ነቅላ ከመኪናዋ ብረት ጋር አነካካችው። «ሳጅን፣ ቁልፉን ክፈትና መርፌዋን እያት።»

«ተነሳች! እስከ ሙሉው ወጣች!»

«እንግዲህ መርፌዋም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ግጭቱ አልነካቸውም። ችግሩ ቋቱ ውስጥ ነው።» የቋቱን ክዳን ፈትታ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ቆርቆሮ የታሰረበትን ክንድ አወጣች። ቆርቆሮውን ስትወዘውዘው ውስጡ ፈሳሽ ተንቦጫቦጨ። «ቤንዚኑ ላይ ተንሳፍፎ መርፌዋን የሚያስነሳት ይህ ነበር። ተበስቶ ራሱ ቤንዚን ስለጠጣ፣ ቋቱ ቢሞላም ሥር ይሰምጣል። የቀዳዳው ዙሪያ አረንጓዴ ዝጎ ታዩታላችሁ፤ የሰሞኑ አይደለም።» በቋቱ አፍ እንጨት ሰደደች። እንጨቱ እስከ ላይ ርሶ ወጣ። «ጣሀ ሞልቷል።»

ሁስኒያ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «በመርፌዋ ነው እንዴ ባዶ ናት ያላችሁኝ? ዐቂል እኮ ‹ጾመኛዋ› ነበር የሚላት! ‹የእሷ ረመዳን አያልቅም› እያለ ይስቅባት ነበር። ኪሎ ሜትሩን ቆጥሮ ነው የሚሞላው እንጂ እሷን አይቶ አያውቅም።»

«ሙሉም ቢሆን ለቁጠባ ሞተር ሊያጠፉ ይችላሉ» አለ ደጉ፣ በለሆሳስ።

«ይችላሉ። ግን ሲሞላ አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው፣ በመርፌዋ የሚስቅ ሰው፣ ‹መርፌዋ ባዶ ላይ ተኛች› ብሎ አይደውልም። ያንን ቃል የሚፈጥር ጠባይዋን የማያውቅ ነው። ሳጅን፣ አንተም ስለማታውቃት አመንካት። ካንተ በፊት ግን ሌላ ሰው ያን ዕለት ቁልፉን ከፍቶ አይቷታል።» ወደ አብዱልሐሚድ ዞረች። «መኪናዋን ከሩቅ ነው የማውቃት ብለውኝ ነበር።»

አብዱልሐሚድ ለመማል አፉን ከፈተ፤ መሐላው አልወጣለትም።

«የደወለልኝ መንገድ ላይ እንድንገናኝ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «የአባታችንን ቤት ሊሸጠው ነው። እናቴ ገና ውስጡ ናት። ገፈተርኩት… ድንጋይ ላይ ወደቀ። ባነሳው፣ ብጠራው፣ ዝም። መኪናው ውስጥ አስገባሁት። መርፌዋ ባዶ ስትል፣ ሰው ሁሉ እንደሚያምን ዐወቅሁ፤ ቁልፉን ዘግቼ ቁልቁል ለቀቅኳት።»

ደጉ ካቴናውን ከጣሀ ፈቶ አብዱልሐሚድ እጅ ላይ አደረገው። ፀሐይነሽ እጇ ላይ የቀረውን ቤንዚን በጨርቅ ጠረገች፤ ሽታው ግን አልለቀቃትም።

ጣሀ የእጁን አንጓ እያሸ፣ «እትዬ ሁስኒያ» አለ፣ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው። ማን ያመጣቸዋል?»

ሁስኒያ ሻሿን እስከ አፏ ጎተተች።

«አባታችሁን የገደለው ጣሀ ነው ብያቸዋለሁ» አለች።

ጣሀ ወደ ግቢው በር ተራመደ፤ እዚያ ደርሶ ቆመ።

«እንግዲያው አብረውኝ ይምጡ» አላት። «እርስዎው ይንገሯቸው።»